ለአራት ሰው የሚበቃ ድንኳን

የካቲት 12

ለእህቴ ባል፣ ለወንድሜ፤

እንዴት ከርማችኋል? ጎረምሳው ልጅህ እንዴት ነው? ድምፁ ወፍሮ አለቀለት ወይስ አሁንም አንድ ነገር ሲናገር ሁለት ሰው ይመስላል? ትንሿ ሚጢስ? እኔ ደህና ነኝ። መልሱ ስለዘገየብህ አትቀየመኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ የጭነት መኪና ሸራ ክምር ሊውጠን በደረሰበት ሰሞን ነው። ዝናብ ሊገባ ሲል ሾፌር ሁሉ ሸራው መቀደዱ ትዝ የሚለው በአንድ ቀን ነው፤ ሁሉም ደግሞ ለነገ ነው የሚለው። ግን የዘገየሁት በስራ ብቻ አይደለም። ሚጢ ያለችህን ያነበብኩት ማሽኖቹ መሃል ቆሜ ነው። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ ጠፋኝ።

"እማዬን የገደላት ዝናቡ ነው" አለችህ? ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ጊዜ ይህንን ሆዷ ውስጥ ይዛ ስትዞር?

እኔ ያን ጊዜ አብሬያችሁ አልነበርኩም፤ የጻፈችልኝ እህቴ ራሷ ናት። ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ፣ ያቺ ከጓደኛህ የተዋስካት የምታሳፍር ድንኳን ውሃውን ከስር አስገብታ ፍራሹን ስታንሳፍፈው፣ አራታችሁም መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ እንዳደራችሁ። "በሳቅ ፈረስን" ብላ ነው የጻፈችልኝ። እኛ ትልልቆቹ በሽታው ከዚያ በፊት ውስጧ እንደነበረ ሐኪሙ ነግሮን እናውቃለን። ልጅ ግን የምታውቀው ያየችውን ነው። እናቷ በሰበሰች፣ ከዚያ ተኛች፣ ከዚያ አልተነሳችም። አሁን ደመና ሲጠቁር አልጋ ስር መግባቷ ምን ይገርማል?

አትከራከራት። ይሄ በንግግር የሚለቅ ነገር አይደለም። ደህና ድንኳን ገዝቼ ልውሰዳት ማለትህ ከምክር ሁሉ ይበልጣል። ታዲያ ምን ዓይነት ብለህ ለጠየቅከኝ፣ የማውቀውን ልንገርህ።

ለሦስት ሰው ተብሎ የተጻፈበት ድንኳን እርግጥ ሦስት ሰው ያስተኛል፤ እንደ ክብሪት እንጨት ተደርድረው፣ ማንም ሳይገላበጥ። ሻንጣው የት ይግባ? የጎረምሳው እግርስ? ከቁጥራችሁ አብልጠህ ያዝ። በመኪና እስከ ቦታው ድረስ ስለምትደርሱ ክብደቱ አያሳስብህ። ቁመቱ ቆመህ ሱሪ የምትለብስበት ይሁን። ዝናብ ሲይዛችሁ ቀኑን ሙሉ ጎብጦ የዋለ ሰው ጸባዩ ይበላሻል፤ ያንተን ደግሞ አውቀዋለሁ።

ወለሉን እይ። የዚያች ድንኳን ወለል እንደ ምንጣፍ ተዘርግቶ መሬት ላይ ነበር ከግድግዳው ጋር የተሰፋው፤ ውሃው በዚያ ስፌት ነው የገባው። ጥሩ ወለል እንደ ሳፋ ነው፣ ጎኑ ከፍ ብሎ የወጣ። ላዩ ላይ እስከ መሬት የሚወርድ ሁለተኛ ጣሪያ ይደረብበት። እንደ ቆብ አናቱን ብቻ የሚሸፍነውን ተወው።

ካልተገኘ ደግሞ እኔ ራሴ እሰፋላችኋለሁ። ሚጢ እዚህ መጥታ ያየችውን የሸራ ቤታችንን ደንብ ረስታዋለች ብለህ ነው? ሸራ ተሰፍቶ ሲያልቅ ምሰሶ ላይ ይወጠርና የሰፋው ሰው ከስሩ ይቆማል፤ ሌሎቹ በባልዲ ውሃ ይለቁበታል። ያን ቀን እኔ ስቆም ውሃውን የደፋችው የስራ ጓደኛዬ ሽቦ ነበረች። (ስሟን ማን እንዳወጣላት ቅጥነቷን ስታይ ይገባሃል።) ሚጢ ከስሩ ሮጣ ገብታ ቀሚሴን ይዛ ቆመች፤ አንዲት ጠብታ አልነካንም።

አንተስ ማታ ማታ ብቻህን ነው የምትቀመጠው? ለነገሩ ያህል ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም።

እህትህ

፨

የካቲት 29

ለእትዬ፤

ሁላችንም ደህና ነን። ያንቺን ያህል መጻፍ አልችልም። እኔ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ መውጣት እንጂ ወረቀት ላይ መቀመጥ አይሆንልኝም። ሽቦን ሰላም በይልኝ፤ እኔም ቀኑን ሙሉ ከሽቦ ጋር ነው የምውለው በያት።

ልጆቹን ይዤ መደብር ሄድኩ። ሻጯ ልጅ ሁለት ድንኳን ወጠረችልን። ትንሹ ውስጥ ስተኛ እግሬ በበሩ ወጣ፣ ደንበኞች እየተሻገሩኝ አለፉ። ትልቁ ላይ ጎረምሳው እንኳን ቀጥ ብሎ ቆመ። ሚጢ ጫማዋን አውልቃ ገባችና ስፌቱን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ እየተጫነች ዞረች፤ ካንቺ ነው ያየችው። ከዚያ ሻጯን ማን ሰፋው ብላ ጠየቀቻት። ፋብሪካ ነው አለቻት። "የሰፋው ሰው ከስሩ ቆሟል?" አለች። ሻጯ ወደ እኔ ዞረች፣ እኔ ወደ ጣሪያው። ሚጢ ጫማዋን አድርጋ ወጣች።

መኪና ውስጥ አክስቴ ካልሰፋችው አልተኛበትም አለች። ስለዚህ እትዬ፣ እንዳልሽው ብትሰፊው ደስ ይለናል። ጉዞው ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ትምህርት በሌለበት ቅዳሜና እሁድ ነው። ለአራት ሰው ይሁን፣ መሃሉ ላይ መጋረጃ ይኑረው። አራተኛው ማነው እንዳትይኝ፤ ሚጢ እንዳልናገር አስምላኛለች።

ማታ ማታ ስለጠየቅሽኝ፣ የማደርገውን በአካል ስንገናኝ ነው የማሳይሽ። በወረቀት ያሳፍራል።

ወንድምሽ

፨

መጋቢት 17

ለወንድሜ፤

ሰላም ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ፣ ስራው ብቻ ነው። በመጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። ድንኳኑን አልሰፋውም። ሽቦ ይዛኝ ወደ ገበያ ወጣችና የዛሬውን ጨርቅ አይቼ አፈርኩ። እኔ ያሰብኩት የጭነት መኪና ሸራ ነበር፤ በዚያ ብሰፋላችሁ የመኪናችሁ ወገብ ይሰበር ነበር። ሸራ ደግሞ ረጥቦ በጣት ከነካኸው ያንጠባጥባል፣ ሚጢ ደግሞ ሳትነካ አታድርም። የዛሬው ጨርቅ እንደ ዣንጥላ ነው፤ ስስ፣ ግን ውሃውን የሚያንሸራትት። እንዲያውም ማሽኔ ተበላሽቷል። ትዕዛዝም በዝቷል። አለቃም በዚህ ሰሞን ለራስ ስራ ማሽን አይፈቅድም።

ስለዚህ ያን መደብር ያያችሁትን ትልቁን ግዛው። ከመግዛትህ በፊት ገልብጠህ የውስጥ ስፌቱን እይ፤ በስፌቱ ላይ እንደ ቁስል ፕላስተር የተለጠፈ ጠባብ ነገር ሊኖር ይገባል። የዚፑ መስመር ላይ ክዳን ይኑር። ገመድ የሚታሰርበት ቦታና የመስኮቱ ማዕዘን ብዙ ጊዜ ሳይለጠፍ ይቀራል፤ ጠላታችሁ እዚያ ነው ያለው። ከበሩ ፊት ለፊት እንደ በረንዳ የወጣ መጠለያ ካለው የጭቃ ጫማ እዚያ ይቀራል።

አሁን ወደ አራተኛው ሰው።

ወንድሜ፣ አራት ሰው። መጋረጃ። ማታ ማታ የምታደርገው፣ በወረቀት የሚያሳፍር። ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ሄጄ ፊቴን ታጠብኩ፣ ተመልሼ አነበብኩት። እህቴ ናትና ትንሽ ሆዴ ባባ፤ አልዋሽህም። ከዚያ ግን አሰብኩ። አንድ ሰው ስንት ምሽት ከባዶ ወንበር ጋር እራት ይበላል? ልጆቹን አላስራብክም፣ አላስከፋህም። እህቴ ብትኖር "እስካሁን ምን ትጠብቅ ነበር" ነው የምትልህ። እኔም እሱኑ ነው የምልህ። ማን እንደሆነች አልጠይቅም። ሚጢ ምስጢሯን ከያዘችላት፣ ሚጢን ወዳታለች ማለት ነው፤ ለእኔ ይበቃኛል።

ሁለት ነገር ብቻ። እህቴ ሁልጊዜ የምትተኛው በበሩ በኩል ነበር፣ ልጆቹ ሲነሱ ቶሎ እንድትሰማ። አዲሷን ወደ ውስጥ አድርጋት፣ በሩ ጋ አንተ ተኛ። የእህቴ ሰማያዊ ብርድ ልብስ ደግሞ የሚጢ ይሁን፣ ማንም አይጋራት።

ሁለት ብዬ ሦስተኛ መጣብኝ። እኔን ከአክስትነቴ አትሻሩኝ። እህቴ ስትሞት ቤታችሁ የምመጣበት ምክንያት አብሮ የሞተ እየመሰለኝ ነው እግሬን የሰበሰብኩት። አዲሷ ቅር ካላላት፣ አልፎ አልፎ ልጆቹን አሳዩኝ።

እህትህ

፨

መጋቢት 30

ለእትዬ፤

ደብዳቤሽን እራት ላይ ጎረምሳው ነበር ጮክ ብሎ የሚያነብልን። "አዲሷን ወደ ውስጥ አድርጋት" የሚለው ላይ ሲደርስ ሚጢ "አዲሷ ማናት?" አለች። እኔን ውሃ ትን አለኝ። ጎረምሳው ጀርባዬን እየደበደበ፣ ራሱ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ይስቃል።

እትዬ፣ አዲስ ሰው የለም። አራተኛዋ አንቺ ነሽ።

የሰፋችው ከስሩ ትቆማለች፣ ስለዚህ አክስቴ ከሰፋችው አብራን ታድራለች ብላ ሚጢ ናት ያሰላችው። ድንገት ልታስደስትሽ ፈልጋ ነው ያስማለችኝ። መጋረጃው ለአንቺና ለእሷ ነው፤ እኔና ጎረምሳው እናንኮራፋለን። ማታ ማታ ደግሞ የማደርገው የሚጢን ፀጉር መጎንጎን ነው። እየተማርኩ ነው። ያን ሁሉ ሽቦ ስገምድ የምውል ሰውዬ የልጄ ፀጉር አቃተኝ። ጠዋት ትምህርት ቤት በር ላይ የሌሎቹ እናቶች እያዩ እንዳላዩ ያልፋሉ።

እንደዚያም ሆኖ፣ ስለ ባዶው ወንበር የጻፍሽልኝን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ብቻዬን ደግሜ አነበብኩት። አንድ ቀን ያስፈልገኝ ይሆናል፣ አላውቅም። አስቀምጬዋለሁ። አትሻሩኝ ስላልሽው ግን፣ እንደሱ ያለ ነገር ሁለተኛ እንዳትጽፊ።

አሁን ተራው የእኔ ነው። ለምን እንደማትሰፊ አንድ ምክንያት ብትሰጪኝ አምንሽ ነበር። ማሽኑ፣ ትዕዛዙ፣ አለቃው ብለሽ ስትደረድሪ ግን አንዱም እውነት እንዳልሆነ ገባኝ። ጎረምሳው ደብዳቤሽን ሲያነብ ብዙ ቦታ ተደናቀፈ፤ መስመሩ መስመር ላይ ወጥቷል፣ ፊደሉ እንደ ልጅ ፊደል ተልቋል። "የአክስቴ ጽሕፈት እኮ ድሮ እንደ ስፌቷ ነበር" አለ። ገበያም ሽቦ ወሰደችኝ እንጂ ሄድኩ አላልሽም።

እትዬ፣ ዓይንሽ ምን ሆኗል?

ወንድምሽ

፨

ሚያዝያ 9

ለወንድሜ፤

ይህን የምትጽፍልህ ሽቦ ናት፣ እኔ እናገራለሁ። ከራሷ እንዳትጨምር አስጠንቅቄያታለሁ። (አልጨምርም። ሰላም ነው?)

መጀመሪያ ስለ አዲሷ ሴትዮ። ደብዳቤህ ሲነበብልኝ የምገባበት ጠፋኝ። ለሌለች ሴት አልቅሼ፣ መርቄ፣ የመኝታ ቦታ ሰጥቼ። (ሸራ ቤቱ በሙሉ ሰምቷል። አለቃም።) ብቻ የመረቅኩትን አልመልስም፣ በቦታው ይቀመጥ።

ዓይኔ ሞራ ለብሷል። ሁለቱም። በር ላይ ሆነህ በእንፋሎት የታፈነ ክፍል ስታይ እንደሚመስለው ነው የማየው። ዓይኔ ደክሞ ነው እያልኩ ቆየሁ፣ ከዚያ ሽቦ መርፌዬ ውስጥ ክር ታስገባልኝ ጀመር፣ ከዚያ አለቃ የማጣበቂያ ጠረጴዛው ጋ አዛወረኝ። እዚያ ብሩሽ ይዤ ስፌት እቀባለሁ፤ ለእሱ ጣት ይበቃል። ይገፈፋል ብለውኛል፣ ሰኔ ላይ ቀጠሮ አለኝ። ያልነገርኩህ ስለ ሆስፒታል የሰማኸው ይበቃሃል ብዬ ነው። ሌላ ተንኮል የለበትም።

አንዱን ነገር ግን ለሚጢ ስል ነው የደበቅኩት። እሰፋላችኋለሁ ብዬ ከጻፍኩልህ በኋላ፣ የመጨረሻውን ሸራዬን ሰፍቼ እንደ ደንቡ ከስሩ ቆምኩ። ሽቦ ውሃውን ለቀቀች። ውሃው አንገቴ ላይ ሲወርድ ነው ስፌቱ መሳቱን ያወቅኩት። ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። (እኔ ያን ቀን ባልዲውን ወርውሬ ወጣሁ። ይሄን እሷ አላለችም።) እንግዲህ ያቺ ልጅ በዓለም ላይ የእኔ ስፌት ብቻ ውሃ አያስገባም ብላ ይዛለች። ምን ብዬ ነው እኔም እረጥባለሁ የምላት?

ደብዳቤህ ከመጣ ወዲህ ሳስበው ሰነበትኩ። አሁን እንዲህ በላት። አክስትሽ ዓይኗ እስኪሻላት አትሰፋም በላት፣ ደብቀህ አትንገራት። መደብር ያያችሁትን ግዙና ሳትወጥሩት ጠብቁኝ። በአውቶቡስ እመጣለሁ፣ ሽቦ ታሳፍረኛለች። ግቢያችሁ ውስጥ ወጥረነው እኔና ሚጢ ስፌቱን በሙሉ እንፈትሻለን። እሷ ታያለች፣ እኔ እዳስሳለሁ። ያልተለጠፈ ካገኘን የማጣበቂያ ቆርቆሮዬን ይዤ ነው የምመጣው፣ እንቀባዋለን። ከዚያ ጎረምሳው በጎማ ውሃ ይልቀቅብን፣ ሁለታችንም ከስሩ እንቆማለን።

ሚጢ ትጠይቅሃለችና መልሱን አሁኑኑ ያዝ። "አክስቴ አያስገባም አለች?" ብትልህ፣ አላለችም በላት። እንደማይረጥብ ቃል አልገባላትም። አብሬያት ከስሩ እንደምቆም ግን ቃል ገብቻለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ አስቀድመህ ንገራት። አራት ሰው ተዘግቶ ሲያድር ጠዋት ግድግዳው ያልበዋል። ዝናብ የገባ ይመስላል ግን እኛው የተነፈስነው ነው። ከላይ ያለውን መስኮት ትንሽ ክፍት እንተዋለን።

ፀጉሩን ደግሞ ስትጎነጉን አትጎትት። ላላ አድርገህ ጀምርና ወደ ታች ስትወርድ አጥብቅ። ሽቦን እንደምትገምደው አይደለም። (ይሄ እኔን አይመለከትም።)

እህትህ

፨

ግንቦት 20

ለአክስቴ፤

ሰላም ነሽ? ሽቦ ታንብብልሽ። ሽቦ፣ ሰላም ነሽ?

በደህና ገባሽ ወይ ብለሽ ጠይቂ አለኝ አባዬ። ድንኳኑ አሁንም ገመድ ላይ ተሰጥቷል። እርጥቡን እንዳታጥፉት ስላልሽ በየቀኑ እየዳሰስኩት ነው። ጎረምሳው ደርቋል ይላል፣ ታጥፎ የተሰፋው ቦታ ግን ገና ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ነው የምጽፈው። ግቢ ውስጥ ሲፈተሽ ትከሻዬን ያረጠበኝ ያ የመስኮቱ ማዕዘን ትዝ ይልሻል? እኔ ጣቴን አስቀምጬ አንቺ ጣቴን ተከትለሽ የቀባሽው። ሐይቁ ጋ ዝናቡ ሲመጣ መጀመሪያ ያየሁት እሱን ነው። አንቺ ስለማታዪ እኔ ላይልሽ ነቅቼ ነበር። አባዬ በሩ ጋ ተቀምጦ ያየኝ ነበር። አልጠራኝም፣ ባትሪውን ብቻ ሰጠኝ። በባትሪ ሁሉንም አየሁ፤ ማዕዘኑን፣ ገመዱ የሚታሰርበትን፣ ዚፑን። ምንም የለም። ጣሪያውን ነካሁት፣ ይቀዘቅዛል ግን ደረቅ ነው። ልነግርሽ ስዞር አፍሽን ከፍተሽ ተኝተሻል። አንኮራፍም ብለሽ ነበር።

ከዚያ ተኛሁና ዝናቡን ስሰማው ቆየሁ። ድንኳን ላይ ሲዘንብ እንደ መኪና ጣሪያ ነው የሚጮኸው። ያኔ ነው እማዬ ትዝ ያለችኝ። እኔ ሁልጊዜ ትዝ የምትለኝ ታማ ነበር። አሁን ግን መኪናው ውስጥ ሆና ፀጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ፣ የአባዬን ካልሲ በመስኮት እየጨመቀች ስትስቅ ነው። በጣም ነበር የምትስቀው። አክስቴ፣ እሱን ረስቼው ነበር እኮ።

ጠዋት ግድግዳው አልቦት ነበር። አልፈራሁም። ጎረምሳው ውሃ ገባ ብሎ ሲጮህ የተነፈስነው ነው ብዬ የነገርኩት እኔ ነኝ።

ሰኔ ላይ ዓይንሽ ሲገፈፍ እንመጣለን። አባዬ ከስራ ፈቃድ ጠይቋል። ውስጥ አያስገቡንም አለኝ፣ እኔ ግን በሩ ጋ እቆማለሁ።

ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ የምታዪው ፀጉሬን ነው። አባዬ ነው የሚጎነጉነው፣ አሁን አይጎትትም። በአንድ በኩል ይጣመማል፣ ግን ተጣሟል እንዳትይው።

ሚጢ